ለአምስት ሰው የተቆረጠ ቲኬት

«አልጠበቅኸኝም።»

«አልመጣሽም።»

ሁለቱ መልእክቶች በኢምከ ስልክ ላይ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች አንዱ ካንዱ ሥር ተቀምጠዋል። የፊተኛው የእሷ ነው፤ የኋለኛው የቲስ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት አልፏል፤ አንድም ቃል አልተጨመረበትም።

ሃምቡርግ፣ ሐይቁ ዳር ባለው ነጭ ቤት ውስጥ፣ ነገሩ የሚወራው እንዲህ ነው። ቲስ በእናቱ በወይዘሮ ሄንሪከ የስድሳኛ ዓመት ልደት ዕለት አበባ ይዞ ዋናው ባቡር ጣቢያ ትልቁ ሰዓት ሥር ቆመ። ኢምከን ተቀብሎ ወደ ምሳው ሊወስዳት፣ በዘመድ ፊት ቀለበት ሊያስርላት ነበር። ልጅቱ ቀረች። ምሳው ተበላ፤ ወንበሯ ባዶውን ዋለ። ቲስ ሲመሽ ያለ ልጅቱም ያለ አበባውም ቤት ገባ፤ የት እንደዋለ ቢጠየቅ አልመልስ አለ። «የፈጣን ባቡር ቲኬት ተቆርጦላት በዚያ አልመጣም ያለች ልጅ ናት» ይላሉ ወይዘሮ ሄንሪከ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «መምጣት የፈለገ ሰው ባገኘው ነገር ይመጣል።»

ሙንስተር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው፣ ኢምከ በምትሠራበትና ፎቁ ላይ በምትኖርበት የብስክሌት ጥገና ቤት ግን ወሬው ሌላ ነው። የጥገና ቤቱ ባለቤት እትዬ ጌርሊንድ ለገባ ለወጣው ደንበኛ እንደሚነግሩት፣ ኢምከ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ሃምቡርግ ድረስ ሄዳለች፤ ሰዓቱ ሥርም ቆማለች። የባለጸጋው ልጅ ግን ትንሽ ብትዘገይበት መታገሥ አቅቶት ጥሏት ሄዷል። «ሾርባው እንዳይቀዘቅዝበት ነዋ!» ይላሉ ፔዳል እየፈቱ። «የሀብታም ፍቅር እንደ ፈጣን ባቡር ነው። ትንሽ ጣቢያ ላይ አይቆምም።»

ሁለቱንም ወሬ የሚያወሩት እዚያ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። እዚያ የነበሩት ሁለቱ ዝም ብለዋል።

*

ኢምከ ያደገችው በቡድን ቲኬት ነው። ቀርፋፋ ባቡሮች ላይ ብቻ የሚሠራ፣ እስከ አምስት ሰው በአንድነት ቀኑን ሙሉ የሚሳፈርበት ርካሽ ቲኬት። አባቷ የወተት መኪና ሾፌር ነበር። እናት፣ አባት፣ ሦስት ልጅ፤ ልክ አምስት። «እግዜር ቤተሰባችንን በቲኬቱ ልክ ሰፍቶታል» ይል ነበር አባቷ፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ወደ ባሕር ሲወስዳቸው። ልጆቹ አድገው ተበታተኑ፤ ቲኬቱ ግን ከኢምከ ጋር ቀረ። መንገድ ስትሄድ እንደ ብዙው ሰው የቲኬቱ ማሽን ፊት ትቆምና የማታውቃቸውን አራት ሰዎች ትጣራለች። ሲሞላ ይሳፈራሉ።

ቲስንም ያገኘችው እንዲህ ስትጣራ ነው፤ ያምና ጸደይ፣ ፈጣኖቹ ባቡሮች በሥራ ማቆም አድማ የቆሙ ዕለት።

«ወደ ሃምቡርግ! አራት ነን፣ አንድ ሰው ጎደለን!»

ጥሩ ካፖርት የለበሰ ረዥም ወጣት ተጠጋት። ጎንበስ አለና፣ «ይቅርታ፣ እኔ ልግባ?» አላት በጆሮዋ።

«ምን ያንሾካሹክሃል? ባቡር እኮ ነው፣ ምስጢር አይደለም!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወጣቱ እስከ ጆሮው ቀላ። መንገዱን ሙሉ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሷን በቀጥታ ማየት አፍሮ መስኮቱን ያያል፤ እሷም መስኮቱን ታያለች፤ መስታወቱ ላይ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም ፈጥነው ሜዳው ላይ ወዳሉት ላሞች ይዞራሉ። ባቡሩ በየመንደሩ ሲቆም መጀመሪያ ላይ ሰዓቱን ያይ የነበረው ሰው፣ ሃምቡርግ ሲደርሱ «ደረስን እንዴ?» አለ፣ የሆነ ነገር እንደተወሰደበት ሁሉ። ኢምከ ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቧ «አምስተኛው» ብላ ትጠራዋለች።

ፍቅራቸው ሐዲድ ላይ አደገ። አንድ ቅዳሜ እሷ ትሄዳለች፣ በሚቀጥለው እሱ ይመጣል። ጠባቸውም የሐዲድ ጠብ ሆነ። ቲስ የፈጣን ባቡር ቲኬት እየቆረጠ ይልክላታል፤ እሷ ትመልሳለች።

«ካለን ቀን ላይ ግማሹን ባቡሩ ይበላብናል፣ ኢምከ። ገንዘብ ላሳይሽ ፈልጌ አይደለም። አብሬሽ መዋል ነው የምፈልገው።»

እውነቱን ነበር። እውነቱን እንደሆነም ታውቃለች። ያም ሆኖ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ቲኬቴን የቆረጠልኝ ሰው መድረሻዬንም መመለሻዬንም ይቆርጥልኛል። እናንተ ቤት የምገባው በራሴ መንገድ መጥቼ ነው። ካልሆነ አልገባም።»

ይህን ብላዋለች። ያላለችው ሌላ ነበር። አብረው በቡድን ቲኬት በሄዱ ቁጥር፣ እሷ ማሽኑ ፊት ቆማ ስትጣራ፣ ቲስ ራቅ ይልና የባቡሮቹን የሰዓት ሰሌዳ ያነባል። የጎደለው ሰው እስኪሞላ ድረስ እንደማያውቃት ጀርባውን ይሰጣታል። ባቡሩ ውስጥ ሲገቡ እጇን ይይዛል። እጁ ይሞቃል። እሷ ግን እጁን እንደያዘች ያ ጀርባ ነው የሚታያት።

*

የወይዘሮ ሄንሪከ ልደት በቅዱሳን በዓል ላይ ዋለ። ሙንስተር የካቶሊኮች ከተማ ናት፤ ያን ቀን ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፣ ሰዉም አበባ ይዞ ወደ ዘመዱ መቃብር ይሄዳል። የቡድን ቲኬት በሥራ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አይሠራም፤ በበዓል ግን ከንጋት ጀምሮ ይፈቀዳል። ኢምከ በዓል ነው ብላ፣ ለወይዘሮ ሄንሪከ የጋገረችውን የፕለም ኬክ ይዛ፣ አራት ተማሪዎች ሰብስባ ማልዳ ተሳፈረች። ብዙም ሳይርቁ ቲኬት ተቆጣጣሪዋ መጣች።

«ይሄ ከሦስት ሰዓት በፊት አይሠራም።»

«ዛሬ በዓል ነው እኮ!»

«የናንተ ሰፈር በዓል ነው እንጂ፣ እህቴ፣ ያገር በዓል አይደለም። ሃምቡርግ ሰዉ ቢሮ ገብቷል።»

ሕጉ እንደዚያ ነበር። ተቆጣጣሪዋም ክፉ አልነበረችም፤ መቀጫውን ተወችላቸውና ቀጥሎ ባለው ጣቢያ አወረደቻቸው። ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ ወደ መኝታቸው ተመለሱ። ኢምከ ከጎኗ የጎመን ማሳ፣ ከፊቷ ባዶ ሐዲድ፣ ብቻዋን ቀረች።

ስልኳ ጠራ። የቲስ መልእክት ነው። «ተሳፈርሽ?»

«እዘገያለሁ» ብላ ጻፈች።

«ለምን? ምን ሆንሽ? የፈጣኑን ልቁረጥልሽ?»

ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ቆመ። ትናንትና በዚሁ ጉዳይ ተጣልተው ነበር። «አንድ ቀን ይሄ ቲኬትሽ ያዋርድሻል» ብሏታል። አሁን ጎመን ማሳ ዳር ተጥላ ሳለ «አዋረደኝ» ብላ ትጻፍለት? ስልኳን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ተዛነፈ። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ በዚያው ቲኬት የተሳፈረችበት ባቡር ዘግይቶ ስለገባ ቀጣዩ አመለጣት፤ ሌላ ጠብቃ ያዘች። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ባቡሯ አንዲት መንደር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከሃምቡርግ ወደ ሙንስተር የሚወርድ ፈጣን ባቡር በጎኗ ተወርውሮ አለፈ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ኢምከ ኬኩን እንዳይወድቅባት ደረቷ ላይ ያዘችው።

ሃምቡርግ ስትደርስ ሰዓቱ ሥር ማንም አልነበረም። እግሯ እስኪደነዝዝ ቆመች። መንገደኛው በግራም በቀኝም እየገፋት ያልፋል። ወደ ነጩ ቤት ሄዳ በሩን ማንኳኳት ትችል ነበር፤ ያልጠበቃትን ሰው ግን በር ላይ ቆማ አትለምንም። ያ ሰሌዳ የሚያነብ ጀርባ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል፣ እንደገና የዞረባት መሰላት።

*

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ኢምከ የፈነዳ ከመነዳሪ በማስቲሽ እየለጠፈች ሳለ ጋሽ ኦትማር እያለከለኩ ገቡ። ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኑ ፊት ቆመው ለቡድን ቲኬት ሰው ማሰባሰብን እንደ ሥራ ይዘውታል።

«ኢምከ! ያ የሚያንሾካሹከው ልጅሽ ወደ ባዝል ከሚሄደው ፈጣን ባቡር ወረደ። እናቱ ከኋላው፣ ሻንጣው ከኋላቸው!»

ቲስ በደቡብ ጠረፍ ላይ ባለችው በባዝል ከተማ፣ በቤተሰቡ መሥሪያ ቤት ሥራ ሊጀምር እንደሆነ ኢምከ ከሰው ሰምታለች። ባቡሩ ሙንስተር ላይ እንደሚቆምም ታውቃለች። ይወርዳል ብላ ግን አላሰበችም።

«የኔ ልጅ አይደለም» አለች፣ ቀና ሳትል።

«እንግዲያውስ ወደዚህ ምን ያመጣዋል? ብስክሌት ሊያሠራ?»

መልስ ሳትሰጥ በሩ ተከፈተ። ቲስ ከስቷል። ዓይኑ ወደ ዓይኗ መጣ፣ እዚያ መቆየት አቃተውና መሬት ወረደ። ኢምከ ማስቲሽ የነካውን እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች፤ ወዲያው በራሷ ተናደደችና ወደ ፊት አመጣችው።

«ባዝል ሳልገባ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ቀስ ብሎ። «የት ነበርሽ?»

«እኔ? ሰዓቱ ሥር ነዋ! አንተ የት ነበርክ? ሾርባው ላይ?»

«እዚህ።»

«የት እዚህ?»

«እዚህ በር ላይ።» ጣቱ የብረት በሩን አሳየ። «ስልክሽን ስትዘጊው ቀርታለች አልኩ። ወይ እናቴን ፈርታ ወይ እኔን ጠልታ ከቤቷ አልወጣችም አልኩ። ምሳ ሰዓት ድረስ ጠብቄሽ በፈጣኑ ባቡር ላመጣሽ መጣሁ። በሩ ዝግ፤ ፎቅ ላይ ያለው መስኮትሽ መጋረጃው ዝግ፤ መንገዱ ላይ አንድ ሰው የለም። እጄ እስኪያመኝ ደበደብኩ።»

«በዓል ነበር እኮ! ያን ቀን እዚህ ማን ይከፍታል?»

«ለኛ በዓል አልነበረም! በምን ልወቅ? ከኔ ሸሽተሽ፣ ዘግተሽ የሄድሽ ነው የመሰለኝ።»

ከመነዳሪው ከኢምከ እጅ ወደቀ። እሷ በዓሉ የእሱ አገር በዓል እንዳልሆነ ዘንግታ ከባቡር ወረደች፤ እሱ የእሷ አገር በዓል እንደሆነ ሳያውቅ የተዘጋ በር ደበደበ። በጎኗ ተወርውሮ ያለፈው ባቡር ትዝ አላት። እዚያ ውስጥ ነበር። ማመን ፈራች፤ ካመነች ሦስት ሳምንት ሙሉ የያዘችው ቁጣ ባዶ እጇን ያስቀራታል።

«ማን አየህ?» አለች።

«ማንም። አበባውን በሩ እጀታ ላይ ሰክቼው ተመለስኩ። ነጭ አበባ፣ በሰማያዊ ጥብጣብ የታሰረ።»

ከወደ ጥጉ አንድ ብረት ኳ ብሎ ወደቀ። የእትዬ ጌርሊንድ መፍቻ ነበር።

«በሰማያዊ ጥብጣብ?» አሉ እትዬ ጌርሊንድ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። «ወይ ጉዴ! እኔ መቃብር የሚሄድ ሰው ረስቶት ያለፈ መስሎኝ... ለባሌ ወሰድኩለት! የኔ ሄርማን መቃብር ላይ ነው ያለው! ጎረቤቶቼ ሁሉ ‹ዘንድሮስ ባልሽን አከበርሽው› አሉኝ!»

ጋሽ ኦትማር ከሳቃቸው ብዛት ግድግዳ ተደገፉ። «ሄርማን በሕይወት ሳለ ካንቺ አንድ አበባ አላየ። ሞቶ የሰው አበባ በላ!»

«ዝም ይበሉ አንተ ሽማግሌ!» አሉ እትዬ ጌርሊንድ፣ ማክበርና መሳደቡ ተደበላልቆባቸው። ከዚያ ወደ ቲስ ዞሩ። «ስለ ሾርባው ያልኩትን ሁሉ መልሼ ውጬዋለሁ፣ ልጄ።»

ኢምከም ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ሲደርስ ግን እንባ ሆነባት።

«እውነቱን ልንገርህ» አለችው። «ከባቡር አወረዱኝ። በቲኬቱ። ያልከው ደረሰ። ‹አዋረደኝ› ብዬ ከምጽፍልህ ስልኬን መዝጋት ቀለለኝ።»

«እኔም መጥቼ ነበር ከማለት ‹አልመጣሽም› ማለት ቀለለኝ» አለ ቲስ። «የተዘጋ በር ሲደበድብ የዋለ ሰው መባል አሳፈረኝ።»

ተያዩ። በዚህ ጊዜ መስኮትም ላምም አልነበረም፤ ዓይናቸውን የሚያዞሩበት ቦታ አጡ።

በሩ ላይ ጉሮሮ ተጠረገ። ወይዘሮ ሄንሪከ ሻንጣውን እየጎተቱ ከመጡ ቆይተዋል፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ አቅቷችሁ ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ ኢምከ ቀረብ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔም ጥፋት አለብኝ። ቀርታለች እያልኩ ለዘመድ ሁሉ አውርቻለሁ፤ ይቅር በይኝ። የሚቀጥለው ፈጣን ባቡር ካንድ ሰዓት በኋላ ነው። ሦስተኛ ቦታ እይዝልሻለሁ፣ ከጎኔ። እምቢ አትበይኝ።»

ግብዣው የእውነት ነበር። ሴትዮዋ ለልመና ያልተፈጠረ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለመናቸው የኢምከን ልብ ነካው። እሺ ብትል ማንም አይታዘባትም። ከሁሉም ይልቅ ደክሟታል። ሦስት ሳምንት መኩራት ያደክማል።

«ወይዘሮ ሄንሪከ» አለች፣ «ይቅርታውን ከልቤ ተቀብያለሁ። ወንበሩን ግን አልወስድም።»

«አሁንም የቲኬት ነገር ነው?»

«አሁንም። ዛሬ ከጎንዎ ከተቀመጥኩ ዕድሜ ልኬን ባስቀመጡኝ ቦታ ነው የምቀመጠው። እኔ ልጅዎን ያገኘሁት በራሴ ባቡር ነው። ቦታ አጥቶ ሲንከራተት ያሳፈርኩት እኔ ነኝ!»

«ይበልሽ!» አሉ እትዬ ጌርሊንድ ከጥጉ።

ኢምከ ወደ ቲስ ዞረች። «አንተ ከእናትህ ጋር ሂድ፤ አልቀየምህም። በዚያች ቲኬት ብዙ ቀንህን እንደበላሁብህ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን ሰምተህ ሂድ። እኔን ፈጣን ባቡር አስቀይሞኝ አያውቅም። የጎዳኝ እኔ ስጣራ አንተ የምታነበው ሰሌዳ ነው። ሰዉ ሞልቶ እስክንሳፈር ድረስ አታውቀኝም።»

የቲስ ጆሮ እንደዚያ እንደመጀመሪያው ቀን ቀላ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቲኬቱ ከንጋት ጀምሮ ይሠራል።»

«በሁላችንም አገር» አለች ኢምከ።

«ባዝል ድረስ ያደርሳል?»

«ያደርሳል እንጂ!» አሉ ጋሽ ኦትማር። «እስክትሰለቹ ባቡር ትቀያይራላችሁ፤ ወገባችሁ ይላቀቃል፤ ሲመሽ ትደርሳላችሁ። እኔም ኮብሌንዝ እህቴ ጋ መሄዴ ነው፤ እስከዚያ አብሬያችሁ እሆናለሁ።»

«ቲስ፣ አብደሃል?» አሉ እናቱ። «ቀኑን ሙሉ?»

«አዎ፣ እማዬ። ቀኑን ሙሉ።»

ወይዘሮ ሄንሪከ የሻንጣውን እጀታ ጠበቅ አድርገው ያዙ። «እንግዲያው ሻንጣው ከኔ ጋር ይሄዳል። ባዝል ጣቢያው ላይ እጠብቃችኋለሁ» አሉ፤ በሩ ጋ ሲደርሱም መለስ ብለው፣ «ብትዘገዩም» አሉ።

እትዬ ጌርሊንድ የኢምከን ሽርጥ ከወገቧ ፈቱላት። ከቤቱ ሲወጡ ኢምከ እጇን አልታጠበችም፤ ቲስም ማስቲሹ ካፖርቱን ይነካል ብሎ አልራቀም።

የጣቢያው አዳራሽ በቅዳሜ መንገደኛ ተጨናንቋል። ሦስቱ ማሽኑ ፊት ቆሙ። ጋሽ ኦትማር እንደ ልማዳቸው ሊጣሩ ደረታቸውን ነፉ፤ ኢምከ ክንዳቸውን ነካ አደረገቻቸው። «ተዉት።» እሷም አልተጣራችም። እጆቿን አጣጥፋ ቆመች፤ ልቧ ግን ሐዲድ እንደሚመታ ባቡር ይደልቃል።

ሰሌዳው ከራሳቸው በላይ ያበራል። የቲስ ዓይን እንደ ለመደው ወደዚያው ሄደ። ኢምከ አንድ ቃል ብትናገር ይመለሳል፤ አልተናገረችም።

ቲስ ሰሌዳውን ትቶ ወደ ሕዝቡ ዞረ። የተጣጠፈ እጇን ፈልጎ፣ ከብብቷ ሥር አውጥቶ፣ ከነማስቲሹ ያዘው።

«ወደ ባዝል...» ድምፁ ተሰበረ። ሁለት ሴቶች ዞረው አዩት። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀና አለ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮኸ፦

«ወደ ባዝል! በቀርፋፋው ባቡር! እኔና እጮኛዬ ኢምከ ነን፣ ጋሽ ኦትማርም አሉ! ቀኑን ሙሉ እንሄዳለን! ሁለት ሰው ጎደለን!»